ድፎ ወይስ ኅብስት፣ አጥሚት ወይስ ሾርባ፣ ሲኒ ወይስ መለኪያ፦ የሚምታቱ ዳቦዎችን፣ ትኩስ መጠጦችንና መጠጫዎችን ለይቶ የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት ክርስትና ተደግሶ፣ እኔ ኅብስት አስጋግሬ እንድመጣ ታዝዤ ነበር። ኅብስትንና ድፎን አንድ ነገር አድርጌ እቆጥር ስለነበር፣ በኮባ የተጋገረ ቅርፊቱ የቀላ ሁለት ድፎ አሸክሜ ደረስሁ። አክስቴ ጨርቁን ገልጠው አዩና፣ «ድፎውስ እሰየው፤ እማማ ግን በየትኛው ጥርሳቸው ሊያኝኩት ነው?» አሉኝ። ኅብስቱ የታዘዘው ለአያታችን ኖሯል። ስሕተቴን ልክስ ብዬ ሻይ ልቀዳ ብነሣ ደግሞ፣ ለጠላ የተደረደረውን ሥረ ወፍራም ብርጭቆ አንሥቼ የፈላ ሻይ ስሞላበት ዙሪያውን ተሰንጥቆ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ሁለቱም ስሕተቶች የመጡት ዕቃውንና ምግቡን በስም ብቻ ከማወቅ ነው። ስም ከቤት ቤት፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ይለዋወጣል፤ እሳቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ውኃው መቼ እንደሚገባና ዕቃው ምን ያህል ትኩሳት እንደሚችል ግን የትም አይለወጥም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው ቤቱ ውስጥ ድግስ የሚያሰናዳ ሰው በሚሠራበት ቅደም ተከተል፣ ዳቦውን አስቀድሞ፣ ትኩሱን መጠጥ አስከትሎ፣ መጠጫውን መጨረሻ ላይ አድርጎ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ዳቦውን በእሳቱ መለየት

ማንኛውም ዳቦ ሲቀርብልዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ሊጡ ኩፍ ብሏል ወይስ አላለም? እሳቱስ ያገኘው ከታች ብቻ ነው፣ ከላይም ከታችም ነው፣ ወይስ በእንፋሎት ነው? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አብዛኛው የጎጃም ዳቦ ይለያል።

ድፎ ኩፍ ካለ የስንዴ ሊጥ፣ ከላይም ከታችም እሳት እየተደረገበት የሚጋገር ትልቅ ዳቦ ነው። ለ2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 1.2 ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውኃ፣ 20 ግራም ደረቅ እርሾና ከ30 እስከ 40 ግራም ጨው ይበቃል፤ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ እንደ ቤቱ ልማድ ይጨመራል። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ በደንብ ይታሻል፤ ከዚያም ተሸፍኖ መጠኑ እጥፍ እስኪሆን ይቆያል። ባሕር ዳር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል የሚበቃው ሊጥ ደብረ ማርቆስ ላይ በክረምት ጊዜ ሦስት ሰዓት ሊፈልግ ስለሚችል፣ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ማየት ይሻላል። ጣትዎን ሲጫኑበት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ደርሷል፤ ወዲያው ከተመለሰ ጊዜ ይቀረዋል፤ ጨርሶ ካልተመለሰ ደግሞ አልፎበታል።

ኮባው አጥንቱ ተነሥቶ፣ በእሳት ወዝወዝ ተደርጎ እንዲለሰልስ ከተደረገ በኋላ ምጣዱ ወይም ድስቱ ላይ ይነጠፋል፤ ይህ ካልተደረገ ሲታጠፍ ይቀደድና ሊጡ ከምጣዱ ጋር ይያያዛል። ሊጡ ከላይም በኮባ ይሸፈንና በብረት ክዳን ይከደናል፤ ክዳኑም ላይ ፍም ይደረጋል። በዚህ መጠን የተቦካ ድፎ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። መብሰሉን ለማወቅ ሥሩን በጣት ቋቋ ያድርጉት፤ ባዶ ሣጥን የተመታ ያህል ድምፅ ከሰጠ በስሏል፣ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ግን ልቡ ገና ጥሬ ነው። በቀጭን ስንጥር ወግቶ ሊጥ ይዞ መውጣት አለመውጣቱን ማየትም ይቻላል። ድፎ እንደ ወጣ በትኩሱ የሚቆርስ ሰው ዳቦውን ያበላሸዋል፤ ውስጡ ያለው እንፋሎት ገና ስላልረጋ ቢላዋው ልቡን እንደ ሊጥ ያድቦለቡለዋል።

ኅብስት ግን ሊጡ ከድፎ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ እሳት ጨርሶ የማይነካው ዳቦ ነው። ትልቅ ድስት ውስጥ ጥቂት ውኃ ይደረግና ከውኃው በላይ የእንጨት ርብራብ ይሠራል፤ ርብራቡ ላይ ኮባ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ ሊጡ ይቀመጥበታል፤ ድስቱም እንፋሎት እንዳያመልጥ ጥብቅ ተደርጎ ይከደናል። ለ1 ኪሎ ዱቄት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። መሐል ላይ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ትልቁ ጥፋት ነው፤ እንፋሎቱ ሲያመልጥ የተነፋው ሊጥ ይሟሽሻል፣ ክዳኑ ላይ የተጠራቀመውም ውኃ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ውኃ ካነሰ የሚጨመረው የፈላ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው። የዳቦ ቅርፊት ለመቅላት ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ እንፋሎት ደግሞ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ። ለዚህ ነው ኅብስት ዙሪያውን ነጭ፣ ለስላሳና እርጥብ የሚሆነው፤ ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያንና ለሕፃናት የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። «ኅብስት» በግእዝ በጥቅሉ ዳቦ ማለት በመሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሲነገር የሚሰማው ሰው የግድ ይህን የእንፋሎት ዳቦ እያሰበ እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሙልሙል ትንሽ ሆኖ፣ ሊጡ በእጅ ተድበልብሎ ምጣድ ላይ የሚጋገር ዳቦ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ሆያ ሆዬ ለሚጨፍሩ ልጆች የሚሰጠው ይኸው ነው፤ ለአንድ ልጅ አንድ እንዲደርስ ትንሽ መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ትልቅ ድፎ ቆርሶ መስጠት ለጨፋሪዎቹ ልጆች ክብር አይመስልም፣ ይህንንም ፊት ለፊት ይነግሩዎታል። አምባሻ ደግሞ ክብ፣ ከድፎ ይልቅ ስስ፣ ገጹም እንደ ጎማ ራዲየስ ከመሐል ወደ ዳር በተሰመሩ ጌጦች የተቆረጠ ነው። ድፎ ላይ ጌጥ ቢቀረጽም ሊጡ ሲነፋ ይጠፋል፤ አምባሻ ላይ ግን ሊጡ ስለማይበዛ ጌጡ እንዳለ ይበስላል። ፉርኖ የሚባለው የዳቦ ቤቱ ዳቦ ነው፤ ቃሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ሆኖ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው።

ቂጣ ኩፍ የማይል በመሆኑ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በአንድ እይታ ነው። የጤፍ፣ የገብስ፣ የስንዴ ወይም የዳጉሳ ዱቄት ከውኃና ከጨው ጋር ተለውሶ ወዲያው ይጋገራል። ቂጣው ተቆራርሶ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ሲታሽ ጨጨብሳ ይሆናል፤ ቅቤው ሞቆ ቂጣውም ገና ትኩስ ሳለ ማዋሃድ ይገባል። አነባበሮ ከዚህ ይለያል። አንድ ጊዜ ምጣዱ ላይ ተጋግሮ የወጣው ቅመማ ቅመምና ቅቤ ይቀባና፣ ሁለተኛው ሊጥ ምጣዱ ላይ ፈስሶ ገና ሳይበስል ይደረብበታል፤ ሁለቱ ሲጣበቁ አንድ ወፍራም ሆነው ይወጣሉ። ስሙም «ማነባበር» ከሚለው የመጣ ነው፤ ስለዚህ ንብብር ያልሆነ አነባበሮ የለም።

እንጀራን ከዳቦ ጋር የሚያምታታ ሰው የለም፤ እንጀራን ከእንጀራ ጋር ግን እንግዶች ያምታታሉ። ሊጡ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ቆይቶ የተጋገረው አፍለኛ ይባላል፤ ወፈር ያለና ጣፋጭ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ አብሲት የተጣለበት ሲሆን ዓይኑ ጥርት ብሎ የሚታየው የዕለት እንጀራችን ነው፤ ከዚያ በላይ የቆየው ደግሞ ኮምጣጣ ይሆናል። ድግስ ላይ አፍለኛ ማቅረብ ያስነቅፋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለሕፃናት ማዕድ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ።

ቦምቦሊኖና ፓስቲ የተጠበሱ እንጂ የተጋገሩ አይደሉም፤ ስለዚህ በዳቦ ስም ማዘዝ አይገባም። ዳቦ ቆሎም እንዲሁ ዳቦ ከመሆን ይልቅ ወደ ቆሎ ያመዝናል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ትኩሱን መጠጥ በወፍራምነቱና በአፈላሉ መለየት

እንግዶች አዘውትረው የሚያምታቱት አጥሚትን፣ ሾርባንና ገንፎን ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት ማንኪያውን ከዕቃው አንሥቶ መመልከት ይበቃል። አጥሚት ከማንኪያው እንደ ክር ተስቦ የሚወርድ፣ ከኩባያ በቀጥታ የሚጠጣ ነው። ሾርባ ግን ጨው ያለው ሲሆን፣ ቁርጥራጭ አትክልት፣ ምስር ወይም ክክ ውስጡ ይዋኛል፤ የሚበላውም በማንኪያ ነው። ገንፎ ከማንኪያው አይወርድም። አጥሚት ለአራስና ለሕመምተኛ የሚሰጠው እህሉ ደቆ ስለሚገባና ለመዋጥ ስለማያስቸግር ነው።

አጥሚት ለመሥራት ለ1 ሊትር ውኃ 80 ግራም ገደማ የተነፋ የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት ይመዝኑ። ከውኃው አንድ ሩብ ያህሉን ቀዝቃዛውን ይለዩና ዱቄቱን በእሱ ይበጥብጡ፤ ቀሪው ውኃ ሲፈላ ብጥብጡን እያማሰሉ ያፍስሱበት። ደረቅ ዱቄት በቀጥታ በፈላ ውኃ ላይ የሚነሰነስ ከሆነ፣ የእያንዳንዱ የዱቄት እብጥ ውጫዊ ክፍል ወዲያው በስሎ እንደ ሙጫ ይሆንና ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ጓል የምንለው ይህ ነው፤ ከተፈጠረ በኋላ በማማሰል አይጠፋም። በዝግታ እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይብሰል፤ ከዚያ ማር ወይም ስኳር፣ ለሚስማማው ሰው ደግሞ ጥቂት ቅቤ ይጨመርበታል። በደቂቃዎች ውስጥ «ደረሰ» ብሎ ማውረድ ጥሬ ዱቄት ማጠጣት ነው።

ሻይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከፍታው ጎጃም ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ የሻይ ማሸጊያዎች ቅጠሉን በፈላ ውኃ ላይ ዘፍዝፉ ይላሉ፤ ውኃው ግን እኛ ዘንድ 100 ዲግሪ ደርሶ አያውቅም። ስለዚህ ቀረፋና ቅርንፉዱን አስቀድመው ለአምስት ደቂቃ አፍልተው፣ የሻይ ቅጠሉን ጨምረው አንድ ሁለት ደቂቃ አብረው ካፈሉ በኋላ ማጥለል፣ በከረጢቱ ብቻ ከመዘፍዘፍ የተሻለ ቀለምና ጣዕም ይሰጣል። ከዚያ በላይ ካፈሉት ይመርራል።

ስፕሪስ ሁለት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ያልተናደደ እንግዳ አላየሁም። ጭማቂ ቤት ሲጠሩት ሁለት ሦስት ዓይነት ጭማቂ ተነባብሮ የሚቀርብበት ብርጭቆ ነው። ቡና ቤት ሲጠሩት ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ ነው። የሚሠራውም ስኳር የበዛበትን ሻይ አስቀድሞ ቀድቶ፣ ቡናውን ቀስ አድርጎ በማንኪያ ጀርባ ላይ በማፍሰስ ነው፤ ስኳሩ ሻዩን ስለሚያከብደው ታች ይቀራል፣ ቡናውም ላዩ ላይ ይሰፍራል። የተደበላለቀ ስፕሪስ ቢጠጣም፣ መልኩን ያጣ ነው።

ማኪያቶ በጣሊያንኛ ነጠብጣብ ያረፈበት ማለት ሲሆን፣ በአገሩ ትንሽ የወተት አረፋ ጠብ የተደረገበት ቡና ነው። እኛ አገር ማኪያቶ የሚባለው ግን ከቡናው የሚበልጥ ወተት ያለበት ነው። «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» ብሎ ማዘዝ የተለመደውም ለዚሁ ነው። ካፑቺኖ ስሙን ያገኘው ቡናማ ቀሚስ ከሚለብሱት የካፑቺን መነኮሳት ነው፤ መጠኑ ከማኪያቶ ይበልጣል፣ አረፋውም ይወፍራል። ሁለቱም የሚነሡት ግን ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ከሚሆን፣ በማሽን ግፊት ከወጣ አንድ ዓይነት ቡና ነው። ቡና በወተት ሲባል ደግሞ ወተቱ አረፋ የመሆን ግዴታ የለበትም።

የጀበና ቡና ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። አቦል፣ ቶናና በረካ ሦስት ዓይነት ቡናዎች ናቸው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ሦስቱም ግን ከአንዱ ዱቄት ላይ ውኃ በመጨመር የሚወጡ ናቸው። ከ8 እስከ 10 ሲኒ ለሚሆን ቡና 50 ግራም ገደማ የተወቀጠ ቡናና 700 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል። ቡናው ተለቅሞና ታጥቦ ይቆላል፤ ቀለሙ እኩል ሆኖ እንዲወጣ መቁሊያው ላይ እያማሰሉ መቆየት ይገባል፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ሲያንጸባርቅ ወዲያው ይወጣል፣ ከዚያ ከዘገየ ይከስላል። ውኃው ጀበናው ውስጥ ሲፈላ ዱቄቱ ይጨመራል፤ ቡናው ወደ አንገቱ ሲመጣ ፈጥነው ከእሳት ያርቁት፣ አረፋው ሲወርድ ይመልሱት። ያልተጠነቀቀ ሰው እዚህ ላይ ያስገነፍለዋል።

ከዚያ ጀበናውን ዘንበል አድርጎ አስደግፎ አምስት ደቂቃ ያህል ማስከን ያስፈልጋል። ይህን ጊዜ የማይታገሥ ሰው ለእንግዳ ዱቄት ይቀዳለታል። የሰከነ ቡና ሲቀዳ ሲኒው ውስጥ የሚወርደው ገመድ ሳይቆራረጥ ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ያልሰከነ ግን መጀመሪያ ይፈነጣጠራል፣ ድምፁም ይጎረብጣል። ለቶና ውኃ ሲጨመር ዱቄቱ እንዲናወጥ መልሶ ማፍላት ይገባል፤ ለበረካም እንዲሁ። ቀረብ ያለ ሰው በረካውን ሳይጠጣ አይነሣም፤ ውፍረቱ ቢቀንስም። በገጠሩ ስኳር ከመጨመር ይልቅ ጨው የሚጨምር ቤት አለ፤ ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ የሚነከርበት ቤትም ብዙ ነው። ስለዚህ ሳይጠይቁ ስኳር መጨመር አይገባም።

ዘጌ ደርሶ የተመለሰ ሰው የዘጌን ቡና ይዞ ከመጣ፣ ከሌላው ጋር ሳይቀላቅሉ ለብቻው ማፍላት ይመረጣል። ቡናው በጣና ዳር ባለው ጫካ ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ የአካባቢው ትውፊት እንደሚናገረው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የበቀሉት ከዘጌው ጻድቅ ከአባ በትረ ማርያም በትር ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መጠጫውን ከመጠጡ ጋር ማገናኘት

መጠጫ ሁሉ በመጀመሪያ የሚከፈለው ትኩስ የሚችልና የማይችል በሚል ነው። የቀንድ ዋንጫ በትኩስ ውኃ ይለሰልሳል፣ ቅርፁም ይጣመማል፤ ከቅል የተሠራ ሽክናም ከትኩስ ጋር አይስማማም። ስለዚህ ሁለቱም የጠላ እንጂ የአጥሚት ወይም የሻይ ዕቃዎች አይደሉም። ሥረ ወፍራም ብርጭቆም ከእነሱ ጋር ሊቆጠር ይገባዋል፤ ውስጡ በድንገት ሲሞቅና ሲለጠጥ ውጪው ገና ቀዝቃዛ ስለሚሆን ይሰነጠቃል፤ የእኔ ብርጭቆ የተሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የግድ ብርጭቆ ውስጥ መቅዳት ካለብዎ ስሱን ይምረጡ፤ መጀመሪያ በሞቀ ውኃ ያለቅልቁት፤ የብረት ማንኪያም ውስጡ አስቀምጠው ሻዩን በማንኪያው ላይ ያፍስሱት።

ሲኒ ትንሽ፣ በአብዛኛው ጆሮ የሌለው የቡና መጠጫ ነው። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ የቻይና ዕቃ ማለት ነው። ፍንጃል ደግሞ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ስም ሆኖ በብዙ ቤት ያንኑ ዕቃ ይጠራል፤ አንዳንድ ቤት ግን ትልቁንና ጆሮ ያለውን የሻይ ዕቃ ፍንጃል ሲሉት ይሰማል። ስለዚህ ገበያ ላይ ሲታዘዙ ስሙን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ «ጆሮ ያለው ወይስ የሌለው? ለቡና ወይስ ለሻይ?» ብለው ይጠይቁ። ሲኒው ጆሮ ስለሌለው እስከ አፉ አይሞላም፤ ጣት የሚያርፍበት ከንፈሩ እንዳያቃጥል ከጠርዙ ዝቅ ተደርጎ ይቀዳል።

ኩባያ ጆሮ ያለው፣ ትልቅ መጠጫ ነው፤ አጥሚትም ሻይም ይችላል። የብረት ኩባያ ግን ከንፈር ያቃጥላል፤ ለሕመምተኛ የሚመረጠው ሸክላው ወይም ፖርሴሊኑ ነው። ጣሳ ጆሮ የሌለው የቆርቆሮ ዕቃ ሲሆን ለጠላ እንጂ ለትኩስ አይቀርብም። ብርሌ አንገተ ረጅም የጠርሙስ ዕቃ ነው፤ ጠጅ ይቀዳበታል፣ የሚያዘውም አንገቱን በጣት ጨብጦ ነው። መለኪያ የአረቄ ትንሽ ብርጭቆ ነው። በመልኩ ከሲኒ ጋር የሚቀራረብ ባይሆንም በመጠኑ ስለሚመሳሰሉ፣ በጥድፊያ አረቄ በሲኒ የሚቀዳበት ድግስ አጋጥሞኛል፤ ሲኒ ከመለኪያ የበለጠ ስለሚይዝ እንግዳው ሳያውቀው ይሰክራል። ጽዋ በማኅበር ቤት ያለው ቦታ የተለየ ነው፤ ከሌላው ዕቃ ጋር ቀላቅሎ ማጠብና ማደል ተገቢ አይደለም።

ጀበናም ቢሆን ዓይነት አለው። አንዳንዱ ከአንገቱ ብቻ የሚቀዳ ነው፤ እንዲህ ያለው አፉ ላይ ማጣሪያ ይፈልጋል። ሌላው በጎኑ ቀጭን መቅጃ ያለው ነው፤ የዚህኛው አንገት ሲፈላ እንዳይገነፍል ይጠበቃል እንጂ አይቀዳበትም። ከገበያ አዲስ ያመጡትን ጀበና በዚያው ቀን ለእንግዳ ማቅረብ አይቻልም፤ አፈር አፈር ይላል፤ ይሰነጠቃልም። አስቀድሞ ይሟሻል፤ ከዚህ በፊት የተፈላ የቡና አተላ ከውኃ ጋር ተሞልቶ በዝግታ እሳት ይፈላና ይደፋል፤ ይህም ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል። በመካከሉ ጀበናው በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ገና ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ያገኘው ሸክላ አይበረክትም። የመጨረሻው ውኃ ሲደፋ የአፈሩ ሽታ ጠፍቶ የቡናው ብቻ ከቀረ፣ ጀበናው ለአቦል ደርሷል።